ቢምቢ ሰውን እንዴት ታገኛለች? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ትንኝ የስሜት አካላትና ቆዳችን ላይ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሎቹ ከላይ፣ ጠንከር ያሉት ከታች ተቀምጠዋል።

ሁሉም ቢምቢ ይነክሳል?

አይነክስም። ደም የምትፈልገው እንስቷ ብቻ ናት፤ እሷም ደም የምትመጠው እንቁላሏን የምታሳድግበት ፕሮቲን ለማግኘት ነው። የዕለት ጉልበቷን እንደ ወንዱ ሁሉ ከአበባና ከሌሎች የዕፅዋት ጣፋጭ ፈሳሾች ታገኛለች። አንዴ ስትጠግብ የምትወስደው ደም ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ቢሆን ነው፤ ይህ ግን ከራሷ ክብደት ጋር የሚተካከል ነው። በሞቃት አካባቢ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ እንቁላሉ ይደርሳል፣ ውሃ ላይ ትጥለዋለች፣ ከዚያ እንደገና ደም ፍለጋ ትወጣለች። ወባ የሚተላለፈው ይህ ዑደት ስለሚደጋገም ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነክሳ የምትሞት ትንኝ ወባ ልታስተላልፍ አትችልም።

በየትኛው አካሏ ነው የምታሸተው?

አፍንጫ የላትም። ዋናዎቹ የማሽተቻ አካላት በራሷ ላይ ያሉት ሁለት አንቴናዎች ናቸው። በላያቸው የተተከሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጣቸው ክፍት ሲሆን ግድግዳቸው የተበሳሳ ነው፤ ሽታው በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከነርቭ ጋር ይገናኛል። ከመምጠጫዋ ግራና ቀኝ ያሉት ሌሎች ሁለት ዳሳሾች ደግሞ በዋናነት ከትንፋሽ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ይለያሉ። የመምጠጫዋ ጫፍም ያሸታል፤ እግሮቿ ደግሞ ያረፉበትን ነገር ይቀምሳሉ። የእግሮቿን ነገር ልብ ይበሉ፤ ስለሚቀቡ መከላከያዎችና ስለ አጎበር ስናወራ እንመለስበታለን።

ከምን ያህል ርቀት ታውቀናለች?

በአንድ ስሜት ብቻ አትመራም፤ እየቀረበች ስትመጣ አንዱ ስሜት ሥራውን ለሌላው ያስረክባል። መጀመሪያ የሚደርሳት ትንፋሻችን ነው። በአካባቢያችን አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ሲሆን የምናስወጣው ትንፋሽ ግን 4 በመቶ ገደማ አለው፤ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ይህ ትንፋሽ በነፋስ ተገፍቶ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ትንኟ ከ10 ሜትር፣ አንዳንዴም ከ50 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆና ቁርጥራጩን ስታገኝ ወደ ነፋሱ መምጫ ዞራ ትበራለች፤ ሽታው ሲጠፋባት ግራና ቀኝ እየተንገዋለለች እስክታገኘው ትፈልጋለች።

የተቃጠለው አየር ሌላም ሥራ አለው፦ ሌሎቹን ስሜቶች ያነቃል። እሱን ሳታሸት ቁም ሣጥንና ሰው ለይታ የምትሄድበት ምክንያት የላትም፤ ካሸተተች በኋላ ግን ከ5 እስከ 15 ሜትር ባለው ርቀት ጠቆር ብሎ ከአካባቢው የሚለይ ነገር ይስባታል። ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ የቆዳ ጠረን፣ ከአንድ ሜትር በታች ደግሞ የሰውነት ሙቀትና እርጥበት ይመሯታል። በ2024 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቅርንጫፍ የወጣ ጥናት ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ከቆዳ የሚፈነጥቀውን የሙቀት ጨረር በአንቴናዋ ጫፍ እስከ 70 ሳንቲሜትር ድረስ እንደምትለይ አሳይቷል።

ተግባራዊው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ተራ የቤት ማራገቢያ ትንፋሽንና ጠረንን በትኖ መንገዱን ያጠፋባታል፤ ትንኝ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋሱን ራሱን መቋቋምም ይከብዳታል። ማራገቢያውን ወደ ጣሪያ ሳይሆን ወደ እግርና ወደ አልጋ አቅጣጫ ያዙሩት። ሰፋ ያለ ልብስ ደግሞ የሙቀት ጨረሩን ይበትናል፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን ይህን አያደርግም፣ መምጠጫዋም ያልፈዋል።

ለምን ጆሮዬ ሥር መጥታ ትጮሃለች?

ጆሮ ፈልጋ አይደለም። የትንፋሹ ምንጭ ጭንቅላት አካባቢ ስለሆነ እዚያ ታንዣብባለች፤ የክንፏ ድምፅ ደካማ በመሆኑ እግር ጋ ስትሆን አንሰማትም፣ ጆሮ ጋ ስትደርስ ብቻ እንሰማታለን። ክንፏ በሴኮንድ ከ400 እስከ 600 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ድምፅ ቁም ነገር የሚሆነው ለወንዱ ነው፦ በአንቴናው ሥር ባለው የመስሚያ አካል 15,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፣ እንስቷንም የሚያገኛት በክንፏ ድምፅ ነው።

የልብስ ቀለም ለውጥ ያመጣል?

ለቀን ነካሾቹ፣ አዎ። በ2022 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤደስ ኢጂፕታይን ሲፈትኑ የተቃጠለ አየር ካሸተተች በኋላ ወደ ቀይ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ስትሄድ ነጭ፣ አረንጓዴና ሐምራዊን ችላ ብላለች። የሰው ቆዳ፣ ምንም ዓይነት መልክ ይኑረው፣ ለዓይኗ ወደ ቀይ ያደላ ነው። ይህች ትንኝ ዴንጊና ቺኩንጉኒያ የምታስተላልፈው ናት። የወባዋ አኖፌለስ ግን ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትነክስ በእሷ ላይ ከልብሱ ቀለም ይልቅ የልብሱ ርዝመት ይጠቅማል።

አንድ ክፍል ውስጥ አድረን እኔን ብቻ የምትነክሰው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት የቆዳ ጠረን ነው፤ ጠረኑን ደግሞ በአብዛኛው የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ገና የወጣ ላብ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ቆዳ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች በላቡና በቅባቱ ውስጥ ያለውን ነገር ሰባብረው አሞኒያና ልዩ ልዩ አሲዶች ያወጣሉ፤ ትንኟን የሚስባት ይህ ነው። ላክቲክ አሲድ ላይ ሰው ከብዙ እንስሳት ይልቃል፤ ስለዚህ ሰውን ከላም ለመለየት ይረዳታል።

በ2011 በወጣ ጥናት 48 ወንዶች ሲመረመሩ የወባ ትንኝ አብዝታ የምትሄድባቸው ሰዎች ቆዳቸው ላይ የባክቴሪያው ብዛት ከፍ ያለ፣ ዓይነቱ ግን አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ያላቸው ብዙም አልሳቧትም። በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2022 ባወጣው ሥራ ሰዎች ለሰዓታት ክንዳቸው ላይ ያሰሩትን ናይሎን ለኤደስ አቅርቦ አወዳድሯል። አጥብቀው የሚስቡት ሰዎች ቆዳ ካርቦክሲሊክ አሲድ የሚባሉትን ውህዶች አብዝቶ ያወጣል፤ ልዩነቱም በዓመታት ውስጥ አልተቀየረም። አንዴ ትንኝ የሚወደው ሰው ከሆኑ ምግብ በመቀየር የሚመጣ ለውጥ ብዙም አይጠብቁ።

በዚህ ላይ ጊዜያዊ ምክንያቶች ይጨመራሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ትተነፍሳለች፣ ሰውነቷም ይሞቃል፤ በጋምቢያ በተደረገ ጥናት ነፍሰ ጡሮች ነፍሰ ጡር ካልሆኑት ሁለት እጥፍ ያህል የወባ ትንኝ ስበዋል። ቤት ውስጥ ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ ለእሷና ለሕፃናት ቅድሚያ የሚሰጠው በሽታው ስለሚበረታባቸው ነው፤ የትንኟ ምርጫም ይህንኑ ያጠናክረዋል። በቡርኪና ፋሶ ዶሎ የሚባለውን የማሽላ ጠላ የጠጡ ሰዎች ከመጠጣታቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ትንኟን ስበዋል።

የደም ዓይነት ኦ ያለው ሰው ይበልጥ ይነከሳል ይባላል፤ እውነት ነው?

ጃፓን ውስጥ በ2004 የተደረገ አንድ ሙከራ እንዲህ ብሎ ነበር፤ ሌሎች ጥናቶች ግን ሌላ ውጤት ሰጥተዋል። የደም ዓይነትን እንደ ምክንያት መያዝ አያዋጣም።

ለምን ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ ትበረታለች?

የእግር ባክቴሪያ የራሱ ጠረን አለው፤ በተለይ በካልሲና በጫማ ታፍኖ ሲውል። ሆላንዳዊው ባርት ክኖልስ በአፍሪካ ዋና ወባ አስተላላፊ በሆነችው አኖፌለስ ጋምቢዬ ላይ ባደረገው ሥራ ትንኟ እግርን እንደምትመርጥ፣ ሊምበርገር የተባለው ሽታው የከበደ አይብም እንደሚስባት አሳይቷል። አይቡን የሚያበስለው ባክቴሪያ የእግራችን ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥራው በ2006 የሚያስቅም የሚያሳስብም ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል አግኝቷል።

ማታ እግርን በሳሙና መታጠብ ንክሻውን ከእግር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ተጣጥበው ሲጨርሱ ያለ አጎበር አይተኙ።

ነጭ ሽንኩርት ወይም ቫይታሚን ቢ መውሰድ ያባርራታል?

ሁለቱም ተፈትነዋል፤ ሁለቱም አልሠሩም።

ትንኝ የሚያባርር ድምፅ ያለው የስልክ መተግበሪያ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው መግደያስ?

በመተግበሪያው ገንዘብዎን አያባክኑ። የድምፅ ማባረሪያዎችን የፈተኑ 10 የመስክ ጥናቶች በ2007 ተሰብስበው ሲገመገሙ በሰው ላይ የሚያርፉት ትንኞች ቁጥር አልቀነሰም። ከላይ እንዳልነው ድምፅ የወንዱ ጉዳይ ነው፤ እንስቷ የምትፈልገን በጠረንና በሙቀት ነው።

መብራቱም እንዲሁ ነው። የተቃጠለ አየር አይተነፍስም፣ ላብም የለውም። በአሜሪካ ደላዌር በ1996 የተደረገ ቆጠራ እንዲህ ያሉ መግደያዎች ካጠፏቸው 13,789 ነፍሳት ውስጥ ደም መጣጮቹ 31 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጥንዚዛና የእሳት እራትን የመሳሰሉ፣ እኛን ያልነኩ ናቸው።

ጭስ ይሠራል?

በከፊል። በቆቃ አካባቢ፣ በኢትዮጵያ ዋና ወባ አስተላላፊ በሆነችው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ላይ በተደረገ የመስክ ሙከራ የባሕር ዛፍና የበሶብላ ዓይነት ተክሎች ቅጠል ሲጨስ ወይም በእሳት ላይ ሲሞቅ ወደ ቤት የሚገቡትን ትንኞች 70 በመቶ አካባቢ ቀንሷል። ሲሞቅ የሚወጣው ዘይት የትንኟን አንቴና ይረብሻል። ችግሩ እሳቱ ሲጠፋ ውጤቱም አብሮ መጥፋቱ ነው፤ በዚያ ላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታፈን ጭስ ለሳንባ፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ጎጂ ነው። ለምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ደጅ ላይ ማጨስ ይቻላል፤ የመኝታ ሰዓቱን ግን ለአጎበሩ ይተዉ።

ቆዳ ላይ የሚቀባው ዲት እንዴት ነው የሚሠራው?

በሁለት መንገድ። አንደኛ ጠረናችን ወደ አየር እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ የትንኟንም የማሽተት ሥራ ያውካል። ሁለተኛ፣ አልፋ ብታርፍ እንኳ በእግሯ ትቀምሰውና ትነሣለች። ሁለተኛው መንገድ ስላለ ያልተቀባ ቦታ ክፍተት ይሆናል፦ ክንድዎን ተቀብተው ቁርጭምጭሚትዎን ከተዉ እዚያ ትነክስዎታለች።

መቶኛው የሚነግረን የሚቆይበትን ጊዜ ነው። በ2002 በወጣ ንጽጽር 23.8 በመቶ ዲት ያለው 5 ሰዓት ገደማ ሲከላከል 4.75 በመቶ ያለው ከአንድ ሰዓት ተኩል አላለፈም። ላብ ሲበዛ ጊዜው ያጥራል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ካለ እሱን አስቀድመው፣ ዲቱን ከላይ ይቀቡ። ከ2 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይቀባም፤ በልጆች መዳፍ ላይም አይደረግ፣ ወደ አፍና ዓይናቸው ይወስዱታልና።

ዶሮ ቤት ውስጥ ማሳደር ወባን ይከላከላል የሚባለው ከየት መጣ?

ከእውነተኛ ጥናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ሠርተው በ2016 ያሳተሙት ነው። አኖፌለስ አረቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ደም ስትወስድ ዶሮን ግን ከሞላ ጎደል አትነካም። ሰው በተኛበት ክፍል ወጥመድ አጠገብ በቅርጫት ውስጥ የተሰቀለ ዶሮ ወይም ከዶሮ ላባ የተለዩ ውህዶች ሲቀመጡ የተያዙት ትንኞች በግልጽ ቀንሰዋል።

የጥናቱ ዓላማ ግን ውህዶቹን ለይቶ ወደ መከላከያ መለወጥ ነበር። ዶሮን ከሰው ጋር ማሳደር ኩሱና አቧራው ሌላ በሽታ ያመጣል፤ አጎበርን የሚተካም አይደለም።

ትንኟ እንቁላል የምትጥልበትን ውሃ እንዴት ትመርጣለች?

እንደገና በማሽተት ነው፤ እዚህም ባክቴሪያ አለበት። እጮቹ የሚመገቡት በውሃው ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያንና ብናኞች ነው፤ ከውሃው የሚተነው ሽታ ለእናቲቱ ምግብ መኖሩን ይነግራታል። የበቆሎ ጽጌ ብናኝ (ወንዴ ዘር) ለእጮቹ ዋነኛ ምግብ መሆኑን በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የብናኙ ሽታ ራሱ እንቁላል የያዘችውን አረቢየንሲስ እንደሚስብም ተረጋግጧል። በጎጃም ቡሬ በተደረገና በ2005 በወጣ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች ወባ አነስተኛ በቆሎ ካለባቸው 9.5 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በቆሎ ከቤት ጓሮ ራቅ ማለቱ፣ በተለይ የሚያብበው ውሃ በሚያቁርበት ወቅት ከሆነ፣ ትርጉም አለው።

በከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በቀብሪ ደሀር ነው፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። እሷ ኩሬ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፣ በበጋም ትራባለች። በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሚፈጅ በርሜሉን በሳምንት አንዴ አራግፎ ግድግዳውን መፈግፈግ፣ ሮቶውን ደግሞ ክፍተት በሌለው ክዳን መግጠም ዑደቱን ይቆርጣል። ክዳን ኖሮት ጎኑ የተሰነጠቀ ሮቶ ክፍት እንደሆነ ይቁጠሩት።

ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውስ አካባቢያቸውን ያውቃሉ?

ያውቃሉ፤ ያውም ያለ ነርቭ። አንጀታችን ውስጥ የምትኖረው ኢ. ኮላይ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ስለምትረዝም በግራና በቀኝ ጎኗ ያለውን የምግብ መጠን ልዩነት መለየት ይከብዳታል። ስለዚህ በጊዜ ታወዳድራለች። አንድ ሴኮንድ ያህል ቀጥ ብላ ትዋኛለች፣ ከዚያ ለአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ተገለባብጣ አቅጣጫ ትቀይራለች። አሁን ያለው ምግብ ከጥቂት ሴኮንድ በፊት ከነበረው ከበለጠ መገለባበጡን ታዘገያለች፤ ካነሰ ቶሎ ትገለበጣለች። በዚህ ብቻ ወደ ምግቡ ትደርሳለች።

የቆዳችን ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ አትዋኝም፤ እሷ የምትለካው የራሷን ወገን ብዛት ነው። እያንዳንዷ ትንሽ የምልክት ሞለኪውል ወደ ውጭ ታወጣለች። ቁጥራቸው ሲያንስ ምልክቱ ተበትኖ ይቀራል፤ ሲበዙ ይጠራቀምና መጠኑ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራቸውን ይቀይራሉ። በ2015 የቴክሳስ ተመራማሪዎች ይህን መነጋገሪያ በዘረ መል ሲያሰናክሉባት ወደ እሷ የመጡት የኤደስ ትንኞች በእጅጉ አነሱ። ትንኟ የባክቴሪያዎቹን ወሬ ጠልፋ ትሰማለች ማለት ነው።

የወባ ታማሚ ትንኝ ይበልጥ ይስባል?

አዎ፤ ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ትንኝ ለመሻገር በደረሰበት ጊዜ። በምዕራብ ኬንያ በ2005 በወጣ ጥናት ይህን የጥገኛውን ደረጃ በደማቸው የያዙ ልጆች ጤነኛ ከነበሩት ወይም ገና ካልደረሰባቸው ሁለት እጥፍ ያህል ትንኝ ስበዋል፤ ታክመው ሲድኑ ልዩነቱ ጠፋ። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም ይህ ደረጃ በደም ውስጥ ሊሰነብት ስለሚችል የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስና በእነዚያ ቀናት ታማሚውን በአጎበር ውስጥ ማስተኛት የቀሩትን ቤተሰቦች ያድናል።

ትንኟ በአጎበሩ ላይ ያለውን ኬሚካል ታውቃለች? ለምን አትሞትም ታዲያ?

ፓይሬትሮይድ የተባለው ኬሚካል የሚገባው አጎበሩ ላይ ስታርፍ በእግሮቿ በኩል ነው፤ ነርቯን አዛብቶ ይጥላታል። መቋቋም የቻሉት ትንኞች ብዙ መንገድ አላቸው፦ የነርቭ በሩ ቅርጽ ተቀይሮ ኬሚካሉ አይይዘውም፤ ወይም ኬሚካሉን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች በዝተዋል። በ2020 የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አገኙ፦ በእግሯ ላይ ያለ ከስሜት ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ኬሚካሉን ይዞ ወደ ነርቭ እንዳይደርስ ያግደዋል። ፒቢኦ የተባለ ውህድ የተጨመረባቸው አጎበሮች ኢንዛይሞቹን ያደክማሉ፤ ክሎርፌናፒር ያለባቸውን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መክሯል፤ ኬሚካሉ የሚያጠቃው ነርቭን ሳይሆን የሴል ጉልበት ማመንጫን ነው።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአጎበሩ አያያዝ ነው። አዲሱን አጎበር ከከረጢቱ አውጥተው ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ያናፍሱት። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጠቡት፤ በረኪና ኬሚካሉን ያጠፋዋል፣ ፀሐይም እንዲሁ፤ ስለዚህ የሚሰጣው ጥላ ላይ ነው። በየሳምንቱ የሚታጠብ አጎበር ዕድሜው ሳይሞላ ተራ መረብ ይሆናል። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

ማሽተቷን ጨርሶ ብናጠፋባትስ?

ተሞክሯል። በ2013 የሮክፌለር ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የማሽተቻ ተቀባዮች የሚፈልጉትን አንድ የጋራ ፕሮቲን ከኤደስ ዘረ መል አጠፉ። ትንኞቹ ሰውን ከሌላ እንስሳ መለየት ቢያዳግታቸውም የተቃጠለ አየር ሲጨመር ሰውን ማግኘታቸውን ቀጠሉ። በ2022 ምክንያቱ ታወቀ፦ አንዱ የማሽተቻ ነርቭ የተለያየ ዓይነት ተቀባዮችን በአንድ ላይ ይይዛል፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያንኑ መልእክት ያደርሳል።

ስለዚህ ከማደንዘዝ ይልቅ ማታለል የተሻለ ውጤት አሳይቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በምትገኘው የኬንያ ሩሲንጋ ደሴት በቤቶች ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ወጥመዶች ተተክለው ነበር። ማጥመጃው አሞኒያ፣ ላክቲክ አሲድና ሌሎች የሰው ጠረን ውህዶችን የያዘ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚተካ ቡታኖን የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበታል። በ2016 በወጣው ውጤት ወጥመድ ባለባቸው ቤቶች ወባ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ አኖፌለስ ፉኔስተስ የተባለችው ትንኝም በ70 በመቶ ገደማ ቀንሳለች። ሰዎቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ አጎበራቸውን አልተዉም ነበር።